አፍ ጠባቂዋ

ኢዮስያስ ማቃሰት ሲጀምር ሶስና መዳፏን አፉ ላይ ታደርጋለች። አጥብቃ አይደለም፤ ትንፋሹ በጣቶቿ መካከል እንዲወጣ ትተዋለች። ከጉሮሮው «እግ…» ብሎ የሚነሣው ድምፅ ቃል ሳይሆን መቅረት አለበት። ሕመሙ ጋብ ሲል እጇን ታነሣለች፣ ከንፈሩን በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፣ ቀና ብላ ጣሪያውን ታያለች። እዚያ ያለችው መብራት ነጭ ከሆነች ምንም አልተሰማም ማለት ነው። ከዚያ ተነሥታ ወደ ጓዳ፣ ወደ ጣደችው ሽሮ ትመለሳለች።

ጣሪያው ላይ ያለችው ነገር በመንግሥት አጠራር የቃል መመዝገቢያ ናት። ሰው ግን ጆሮ ነው የሚላት። ደሴ ውስጥ ጆሮ የሌለው ቤት የለም፤ ወደ ጦሳ ተራራ ሽቅብ በተደረደሩት ፎቆች ሁሉ ሳሎኑም መኝታ ቤቱም አላት። የሲኒ ማስቀመጫ ታክላለች። መጀመሪያ ሰሞን ሰው በሥሯ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ ያደርግ ነበር፤ አሁን ሥሯ ይጣላል፣ ሥሯ ይታረቃል፣ ሥሯ ያንኮራፋል። ሰው የማይለምደው ነገር የለም።

ነገሩ ሲጀመር ክፉ ታስቦ አልነበረም። በአያቶች ዘመን መታወቂያ ላይ ሃይማኖት የሚል መስመር ገባ፤ ሰው በየእምነቱ እንዲቀበር፣ ግራ መጋባት እንዳይኖር ተብሎ። ቀስ በቀስ እድሩም፣ ሐኪም ቤቱም፣ መዋዕለ ሕፃናቱም፣ የቤት እደላውም በዚያች መስመር በኩል ሆነ። ያኔ መስመሩን እንደ ሸሚዝ የሚቀያይር ሰው መጣ። የገናውን ቅርጫ ተካፍሎ ለአረፋው «ድርሻዬ የት አለ?» የሚል በዛ። ስለዚህ የሰው ቃልና መዝገቡ አንድ ይሁን የሚል አዋጅ ወጣ። ጆሮ የተገጠመችው ከዚያ በኋላ ነው።

መስመሩን ባዶ መተው ይፈቀዳል። አዋጁ ይህን በደንብ ጽፎታል፤ ማንም ሰው አላምንም የማለት መብቱ የተጠበቀ ነው ይላል። ግዴታው አንድ ብቻ ነው። አላምንም ያለ ሰው እንደማያምን ሰው ይናገር። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ እግዚአብሔርን ሲጠራ ከተሰማ መዝገቡ ተሽሮ ወደ ተወለደበት እምነት ይመለሳል፤ ይግባኝ የለውም። እንዲህ ያሉትን ሰዎች ሰፈሩ ባዶዎች ይላቸዋል። በክፋት አይደለም፤ አጭር ስለሆነ ነው።

ያልሞከረው ሰው ቀላል ይመስለዋል። እስቲ አማርኛን ያለ እግዜር ተናገሩት። እንዴት አደርክ ሲሉህ ደህና ብለህ ትቆማለህ፤ ጠያቂው ቀሪውን እየጠበቀ አፍ አፍህን ያያል። ሰው አጠገብህ ሲያነጥስ ዝም። ጎረቤት ስትወልድ «እንኳን» ብለህ ትጀምርና ማን እንዳወጣት ሳትናገር ትውጠዋለህ። ልቅሶ ቤትማ አይነሣ። ኢዮስያስ ልቅሶ ይሄድና የሟችን ወንድም እጅ ይዞ «በጣም አዝኛለሁ» ይላል። እንደዚያ የሚለው የጤና ጣቢያ ማሽን ነው። ሰው ይታዘበዋል፣ ማዘኑን ግን ከፊቱ ስለሚያዩ ይተዉታል።

ጡረታ ሳይወጣ ከፒያሳ ጦሳ ጫፍ የምትወጣውን የገመድ መኪና ይነዳ ነበር። መኪናዋ ገደሉ ላይ ስትደርስ ተሳፋሪው ገሚሱ ያማትባል፣ ገሚሱ ቢስሚላሂ ይላል፣ ኢዮስያስ ብሎኑን ያያል። «እናንተ ላይ ላዩን ያዙ፤ እኔ ታች ታቹን እይዛለሁ» ይላቸዋል። ይስቃሉ። ደሴ እንዲህ ያለውን ሰው ማሳቅ ታውቃለች፣ መቅበር ነው የማታውቀው።

ሰው ለአለማመኑ ምክንያት ይፈልግለታል። ልጅ ሞቶበት ነው? ተበድሎ ነው? መጽሐፍ አነበበ? አንዱም አይደለም። አንድ ፍልሰታ፣ ከሶስና ጋር ሲያስቀድስ ቆሞ ሳለ፣ የሚናገር እንጂ የሚሰማ እንደሌለ ታወቀው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቀ፤ ሰው አልረበሸም። ቤት ገብተው ከጾሙ በኋላ ሲበሉ ነገራት። ሶስና ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። ከወንዝ ማዶ ሆኖ የሚያናግራት መሰላት።

መዝገቡን ሊያስቀይር የተነሣው ከዚያ አንድ ዓመት ቆይቶ ነው። ሶስና በር ላይ ቆመችበት።

«ለኔ ነግረኸኛል፣ ይበቃል። ለመዝገቡ ምን አስነገረህ?»

«ጠየቀኛ።»

«ስንቱ ሳያምን እየተሳለመ ይኖር የለ? አንተ ከማን በልጠህ ነው?»

«ከማንም አልበለጥኩም። እነሱ ዝም ማለት ይችላሉ፣ እኔ አልቻልኩም። ሶስና፣ አለማመኔን ለማንም አልሰብክም። ምን ነህ ሲሉኝ ግን ሌላ ሰው ነኝ ብዬ ካንቺ ጋር መኖር አልፈልግም።»

«እኔ ከሌላ ሰው ጋር መኖር እችል ነበር» አለችው ተናዳ። ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ እሷ አለቀሰች። ከበሩ ግን ዞር አለችለት። ማኅበርተኞቿ ፍቺው እያሏት አልፈታችውም። ጧት ጧት እሷ ለጸሎት ስትቆም እሱ ሻይ ያፈላል፤ እስክትጨርስ ማንኪያውን እንኳ አያንኳኳም። አርባ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

የሰፈሩ ደብር መካነ መቃብር ወደ ላይ መሠራት ከጀመረ ቆይቷል። ሶስና ስድስተኛው ፎቅ ላይ የሁለት ሰው ቦታ አላት። በአንዱ ድንጋይ ላይ ስሟ ተቀርጿል፣ ከጎኑ ያለው ምንም አልተጻፈበትም። በየወሩ ለመድኃኔዓለም ስትሄድ ሁለቱንም ትጠርጋለች። ጠባቂው «ያኛውን እንኳ ቢተዉት» ብሏት ያውቃል፤ እሷ ግን መጥረጓን ቀጠለች። ከሞት በኋላ ኢዮስያስን የምታገኘው ከአንድ ቦታ አብረው ከተነሡ ብቻ እንደሆነ ታምናለች። እንዲህ ብሎ ያስተማራት ቄስ የለም። የራሷ ናት፤ ከማንም አልወሰደቻትም፣ ማንም አያስጥላትም።

ባዶዎች ግን ሲሞቱ ወደ ኮምቦልቻ መውረጃ ላይ ወዳለው ደን ይወሰዳሉ። አካላቸው አፈር ይደረግና ለችግኝ ይከፋፈላል። የማን አፈር ለየትኛው ዛፍ እንደሄደ አይታወቅም። ድንኳን አይተከልም፣ እድር አይጠራም። ኢዮስያስ አላማረረም። «ብቻ ባሕር ዛፍ እንዳያደርጉኝ፣ ለጎረቤት አይበጅም» ብሎ ቀለደ። ሶስና አልሳቀችም።

በሽታው ጣፊያው አጠገብ ነው፤ ቀስ ብሎ ገብቶ ቶሎ ጨረሰው። ሐኪሙ ከእንግዲህ ቤቱ ይተኛ ባለ ማግሥት የመኝታ ቤቷ ጆሮ መብራቷን ለወጠች፤ ነጩ ደመቀ። የሚሞት ሰው ላይ ሕጉ ይለዝባል። ሦስት መሆኑ ይቀርና አንድ ቃል ይበቃል። አንድ «አምላኬ»፣ አንድ «እግዚኦ» ከተሰማ መብራቱ አረንጓዴ ይሆናል፣ ደወል ይደወላል፣ የተመላሹ ስም በፒያሳው ሰሌዳ ላይ ይወጣል። መዝሙርና እልልታ ይሆናል፤ ሰውየው እንደ ማንኛውም ምእመን በክብር ይቀበራል። የምሕረት ደጃፍ ይባላል። ብዙ ቤተሰብ አስደስቷል፤ የደሴ ባዶዎች አብዛኞቹ የተመለሱት በዚሁ ደጃፍ ነው። አጥንቱ ድረስ የሚያመው ሰው ምን ይላል? እናቱ እሱን ስታምጥ ያለችውን ይላል።

ኢዮስያስ ይህን ስለሚያውቅ ገና አእምሮው ሳይደክም ጠራት።

«አንድ ነገር ልለምንሽ ነው።»

«ምን?»

«ራሴን ስስት አፌን ጠብቂልኝ።»

ሶስና ትራሱን ማስተካከሏን አላቆመችም። «ሰው አጣህ? ሂክማን ለምናት።» ሂክማ ታችኛው ፎቅ የምትኖር ጓደኛዋ ናት፤ ሁለቱ ሴቶች አሁን ርቀው የሚኖሩትን ልጆቻቸውን አብረው ነው ያሳደጉት።

«ሂክማ ልቧ ቡቡ ነው። ሳቃስት አብራኝ ታለቅሳለች እንጂ አፌን አትይዝም።»

«የኔ ልብ ድንጋይ ነው?»

«ያንቺ ቃል ይጠብቃል።»

«ኢዮስያስ፣ ብትመለስ ምን ትጎዳለህ? አንተ እንደሆንክ ከሞትክ ወዲያ የለሁም ባይ ነህ። የሚያመው ማንን ነው?»

«አንቺን» አለ ኢዮስያስ። «እኔ ማን እንደነበርኩ ደህና አድርጎ የሚያውቅ አንቺ ብቻ ነሽ። ሌላ ሰው ይቀብሩና ስሜን ይሰጡታል። ከዚያ ወዲያ እሱን ስታለቅሺ ትኖሪያለሽ፤ የኔ ለቅሶ የትም ይቀራል።»

ሶስና እሺ አለችው። ያንን «እሺ» ስትል አፏ መረረ።

በማግሥቱ ወደ ነፍስ አባቷ ሄደች። አባ ፍሬስብሐት ሽማግሌ ናቸው፤ የሚናገሩት እየመዘኑ ነው፣ የቄስም ቤት ጆሮ አለው። ሁሉን ነገረቻቸው። «ኃጢአት ነው ወይ አባቴ?» አለች። አባ መስቀላቸውን ሲያሻሹ ቆዩ። «ቃል መጠበቅ ኃጢአት የሆነበትን ቀን አላውቅም፣ ልጄ። አፉን ያዢ። በልብሽ ግን ጸልዪለት፣ እዚያ የሚሰማሽ አንዱ ብቻ ነው» አሏት።

እንደተባለችው አደረገች። ቀኖቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኑ። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች፣ መድኃኒቱን በማንኪያ ትሰጠዋለች፤ ሕመሙ ሲመጣ መዳፏን ታደርጋለች። ኢዮስያስ በእጇ ውስጥ ያቃስታል። ሙቀቱና እርጥበቱ መዳፏ ላይ ይቀራል፤ ሽንኩርት ስትከትፍ እንኳ ይሰማታል። አንዳንድ ጊዜ እንቅልፍ ሲጥላት እጇ ይንሸራተትና ደንግጣ ትነቃለች። አፉን ስትይዝ ደግሞ በልቧ ትለምናለች። «ጌታ ሆይ፣ እጄን አንሣና ይጥራህ። ቃል የገባሁለት እኔ ነኝ፣ አንተ አልገባህለትም።» እጇ ግን አይነሣም። የገዛ እጇ ጠላቷ ሆነባት።

ሂክማ አጥሚት ይዛ ስትወጣ ይህን ታያለች። «የኔ ዓለም፣ ምነው ብትተዪው?» አለቻት አንድ ቀን በሹክሹክታ። «ማን እንደሆነ አላህም ያውቀዋል፣ ሰውም ያውቀዋል። እሱ ሳያውቅ ቢያመልጠው ምን አለ?»

«እሱም ያውቃል። ችግሩ ይኸው ነው» አለች ሶስና።

ከዚያ ኢዮስያስ መናገሩን ተወ። ሕመሙም እንደ ደከመው ሁሉ ለቀቀው። ሶስና ይህን ስታይ አረፈችም፣ አዘነችም። ከእንግዲህ የሚያስፈራው ቃል አይመጣም። ከእንግዲህ የምትለምነውም አይመጣም። ባዶውን ድንጋይ አሰበችና ወደ መስኮቱ ዞራ አለቀሰች።

ያቺ ከሰዓት ጭጋጉ ከጦሳ ላይ ተነሥቶ ቤቱ በፀሐይ ተሞልቶ ነበር። ሶስና በግራ እጇ ኩባያ፣ በቀኟ ማንኪያ ይዛ ከንፈሩን በውኃ ስታርስ ኢዮስያስ ዐይኑን ገለጠ። የጠራ ዐይን ነበር። ውኃውን ዋጠ። አያት፤ ዐውቋታል። ሁለተኛውን ማንኪያም ዋጠ። ከዚያ እንደ ጤነኛ ሰው፣ ቀስ ብሎ፣ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሶስና» አላት።

ሁለቱም እጆቿ ተይዘው ነበር።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ደወሉ ከጣሪያው ወርዶ በኮሪደሩ፣ ከኮሪደሩም በደረጃው ተሰማ። ኢዮስያስ ዐይኑን መልሶ ከደነ፤ የሰማው አይመስልም። ሶስና ኩባያውን ማስቀመጥ አቅቷት ውኃው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። እጄን አንሣ ብላ የለመነችው እሷ ናት። ይኸው ተነሣ። ደስታዋ ከእግሯ ጥፍር ጀምሮ ወጣ፤ የልጅነት ደስታ ነበር።

ሰፈሩ ለመድረስ አልዘገየም። ሂክማ ባዶ እግሯን ሽቅብ ሮጣ መጥታ አቀፈቻት። በደጃፍ የተሰበሰቡት ሴቶች እልል አሉ። የማኅበሯ ሰዎች ስሙን ለድንጋዩ በምን ዓይነት ፊደል እንደሚያስቀርጹ መነጋገር ጀመሩ። ሰውየው ገና ይተነፍሳል።

ከምሕረት ደጃፍ የመጣችው ሠራተኛ ወይዘሮ ቤዛዊት ትባላለች። ጎልማሳ ናት፣ ነጠላዋን አጣፍታ ገባች። ኢዮስያስን ጎንበስ ብላ ተሳለመችው። የሥራ ደስታ አልነበረም በፊቷ ላይ ያለው፤ የራሷ ደስታ ነበር።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ። አባቴም እንዲህ ነው የተመለሰው። ሰው ብዙ አያውቀውም እንጂ፣ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረን። እንዲህ ያለው ቃል የልማድ ይሁን የልብ ማሽኗ አትለይም። አጠገቡ የነበረ ሰው በእምነቱ ምሎ ‹ከልቡ ነው› ማለት አለበት። እርስዎ ነበሩ አይደል?»

«እኔ ነበርኩ።»

«እንግዲያው ይበሉ።»

ሶስና ባሏን አየችው። ሁለት ቃል ናት። ሁለት ቃል ብትል ደብሩ ያለቅስለታል፣ ስሙ ከስሟ ጎን ይቀረጻል፣ በምትነሣበት ቀን አጠገቧ ይነሣል። ማን ያውቃል፣ ከልቡስ ቢሆን? ለሚሞት ሰው በመጨረሻዋ ሰዓት ምን እንደሚገለጥለት ማን ያውቃል? እግዚአብሔር እንደለመነችው አድርጎላት ከሆነ እሷ ማን ናትና ትመልስበታለች?

ግን እዚያ ነበረች። ያየውን አይታለች። ኢዮስያስ ወደ ላይ አላየም። ያየው እሷን ነው፤ ለውኃው ነው፣ ለጨርቁ ነው፣ ለዚያ ሁሉ መዳፍ ነው። ሰው ሁሉ ውኃ ላቀበለው እንደሚለው ነው ያላት። አርባ ዓመት በጥንቃቄ «አመሰግናለሁ» ሲላት ኖሮ፣ ጥንቃቄው ሲያልቅበት ከሥሩ የቀረው ይህ ነበር፤ ምስጋናው ግን ለሷ ነው። ይህን የሚያውቅ ሌላ ሰው በዓለም ላይ የለም። እሷ ካልተናገረች አልሆነም ማለት ነው።

«በይ እንጂ፣ የኔ ዓለም» አለች ሂክማ እንባዋን እየጠረገች።

ሶስና አንገቷ ላይ ያለውን መስቀል በእጇ ያዘች።

«በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ» አለች። ድምፅዋ ለጣሪያው በሚበቃ መጠን ነበር። «ባሌ እግዚአብሔርን አልጠራም። ውኃ አጠጣሁት፣ አመሰገነኝ። ሲያምን አላየሁትም። ሳያምን ነው ያለው።»

መብራቱ ለጥቂት ጊዜ አረንጓዴ እንደሆነ ቆየ። ከዚያ ነጭ ሆነ።

ከሴቶቹ አንዷ «ኧረ በስመአብ» አለች። ሌላዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች። አንድ በአንድ፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ደረጃውን ወረዱ። ለእንዲህ ያለው ጊዜ የሚባል ቃል አልነበራቸውም፤ የነበሯቸው ቃላት ሁሉ የሚጀምሩት በእግዜር ነው።

ቤዛዊት አልወጣችም። ፊቷ ገርጥቷል። «እማማ፣ እርስዎ አማኝ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ እንጂ። በስሙ የማልኩት ቀልድ ነው እንዴ?»

«አብራችሁ ትቀበሩ ነበር።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ።»

ቤዛዊት ወደ በሩ ሄደችና መልሳ ቆመች። «አባቴ ‹ወይ አምላኬ› ነው ያለው» አለች ፊቷን ሳታዞር። «አልጋ ላይ ሲያዞሩት ነው። ወገቡን በጣም ያመው ነበር። እናቴ ከልቡ ነው ብላ ማለች።»

ሶስና ልትላት የምትችለውን ታውቃለች። አላለችውም። «እናትሽ አጠገቡ ነበረች፤ የሰማችውን እሷ ታውቃለች» አለቻት። ቤዛዊት ራሷን ነቀነቀች። ደረጃውን ስትወርድ ግን እርምጃዋ የመጣችበት አልነበረም።

ሂክማ ኩርሲ ስባ ከአልጋው ግርጌ ተቀመጠች፤ የኢዮስያስን እግር በብርድ ልብሱ ላይ ታሻሽ ነበር። ሶስና አልጋው ጠርዝ ላይ ተንበርክካ አፏን ጆሮው ላይ አደረገች።

«አልሰጠኋቸውም» አለችው። «እንዳልከኝ አድርጌያለሁ። አንተው ነህ የምትሞተው፣ ሌላ ሰው አይደለም። ሰማኸኝ?»

የኢዮስያስ ትንፋሽ ይመጣል፣ ይቆያል፣ ይመጣል።

ከዚያ ያመቀችው ሁሉ ፈነዳ። ግንባሯን ትከሻው ላይ ደፍታ፣ ሰው ይስማኝ አይስማኝ ሳትል፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። «እኔስ? እኔስ የት ነው የማገኝህ? ያ ጫካ ስንት ዛፍ አለው? ደግሞ ያኛው ቀን ሲመጣ እኔ ተነሥቼ ጎኔን ሳይ ማንም የለም። ያኔ የት ብዬ ልፈልግህ? ንገረኝ፣ አንተ ሁሉን ታውቅ የለ? ኢዮስያስ፣ የት ነው የማገኝህ?»

ትንፋሹ መቆሙን መጀመሪያ ያየችው ሂክማ ናት። ሶስና ገና እየጠየቀችው ስለነበር፣ ሳትነግራት ጥቂት ቆየች።